«ደራሽ ኮረንቲ» እና የብሬከር ቃላት፤ የአንድ መመሪያ ትርጉም ሲመረመር

የሙያ ቃል ሲተረጎም የሚፈጸም ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀት አያልፍም፤ አንባቢ ግራ ይጋባል፣ ተማሪ ይቸገራል፣ ከዚያም ይረሳል። የኤሌክትሪክ ዕቃ መመሪያ ግን ከዚህ ይለያል። በቃል ላይ የተሳሳተ ሰው ቀጥሎ የሚሳሳተው በሽቦ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምንመረምረው ባለ አራት ገጽ መመሪያ ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ከብሬከር ካርቶን የተገኘ ነው። ለሞተርና ለትራንስፎርመር ብሬከር እንዴት እንደሚመረጥ ያስረዳል። የተርጓሚውን ወይም የሻጩን ማንነት መጥቀስ አላስፈለገም፤ ጉድለቱ የብዙዎቻችን ነውና። አማርኛው በአመዛኙ የጠራ፣ ሠንጠረዦቹም በጥንቃቄ የተገለበጡ መሆናቸውን አስቀድሞ መመስከር ተገቢ ነው።

1. ስለ «መሰናከል»

መመሪያው ብሬከር መስመሩን ሲያቋርጥ «ይሰናከላል» ይላል። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ግስ በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ፍቺው ወስዶታል። በአማርኛ ግን የተሰናከለ ነገር ሥራው የተበላሸበት ነው። ጉዳይ ይሰናከላል፣ መንገደኛ ይሰናከላል። ብሬከር ግን መስመሩን ሲያቋርጥ የተሠራበትን ተግባር ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ መመሪያውን አንብቦ፣ «ጋሼ፣ ተሰናክሏል ካለ አዲሱም ብልሽት ነው ማለት አይደል?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የቃሉ ነው። በሠራተኛው አንደበት ያለው ቃል «ወረደ» ነው፤ እጀታው ሲወርድ በዓይን ይታያል፣ ሲመለስም «ተነሣ» ይባላል። ይህን ጥንድ ትቶ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

2. ስለ «ዑደት»

ብሬከርን መመሪያው «ዑደት ሰባሪ» ብሎታል። «ዑደት» ኮረንቲ ዞሮ የሚመለስበትን መንገድ ለማመልከት በትምህርት መጻሕፍትም ያገለገለ ቃል ስለሆነ በራሱ አይነቀፍም። ሆኖም ይኸው ቃል ለሌላ ጽንሰ ሐሳብም ይሠራል፤ በአገራችን የኤሌክትሪክ መረብ ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚያደርገው ምልልስም «ዑደት» ይባላል። ውጤቱ በሦስተኛው ገጽ ላይ ይገኛል፦ «ዑደት ሰባሪው ዑደቱን ከአንድ ዑደት ባነሰ ጊዜ ይሰብራል»። ሦስቱ «ዑደት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዐረፍተ ነገሩ ማወቅ አይቻልም። «ዑደት» ለምልልሱ ብቻ ቢቀር፣ መንገዱ ደግሞ ባለሙያዎች እንደሚሉት «መስመር» ቢባል ችግሩ ይወገዳል።

«ሰባሪ» የሚለውም አይረዳም። የቆየው የሠፈር ቃል «ባልቦላ» ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በተለይ ለፊውዝ ስላገለገለ ሁለቱን ዕቃዎች ያደባልቃል። «ቆራጭ» እንዳንል ደግሞ ሰው «መብራት ቆረጡብኝ» የሚለው ሒሳብ ሳይከፍል ሲቀር ነው። «ብሬከር» በሻጩም በሠራተኛውም አፍ ሥር ሰድዷል። የውሰት ቃል የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት የሚለውን ደንብ አልቃወምም፤ ነገር ግን ደንቡ ቃል ለሌለው ነገር ቃል ለመፈለግ እንጂ ያለውን ለማፍረስ አልወጣም።

3. ዋናው ጉድለት፦ ሦስት ነገር በአንድ ስም

መመሪያው «ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ» የሚለውን ሐረግ ለሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ተጠቅሞበታል፦ ሞተሩ ከዐቅሙ በላይ ሲጫን፣ ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ሲፈጠር፣ እንዲሁም ዕቃው ሲበራ ለቅጽበት ለሚገባው ብዙ ኮረንቲ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥፋት ናቸው፤ ብሬከሩ ሊወርድላቸው ይገባል። ሦስተኛው ግን የጤናማ ዕቃ ጠባይ ነው፤ ብሬከሩ ሊታገሠው ይገባል። የምርጫው ጥበብ በሙሉ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 7.5 ኪሎ ዋት የሆነ፣ በ380 ቮልት የሚሠራ ሞተር በመደበኛ ሥራው 15 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በቀጥታ ሲነሣ ግን ከ6 እስከ 7 እጥፍ፣ ማለትም 100 አምፔር ያህል፣ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ለጥቂት ሰከንዶች ይስባል። ባለ 20 አምፔር ብሬከር ቢደረግለት፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት «ቢ» የተጻፈበት ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ ማለትም ከ60 እስከ 100 አምፔር ባለው ክልል ውስጥ ወዲያውኑ ይወርዳል። «ሲ» የተጻፈበት ክልሉ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ስለሆነ በድንበሩ ላይ ይቆማል። «ዲ» ግን ከ10 እስከ 20 እጥፍ ስለሆነ ሞተሩን ያስነሣል።

ወፍጮ ቤቱ የገዛው «ቢ» ነበር። ሞተሩ ሲነሣ በወረደ ቁጥር መመሪያውን ቢያነብ «ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ» የሚል አገኘ፤ ስለዚህ መጠኑን ለማሳደግ ባለ 63 አምፔር አስገባ። ብሬከሩ መውረዱን ተወ፤ ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ሽቦ ነው። ከእንግዲህ ሞተሩ ቢታነቅ አስቀድሞ የሚግለው ሽቦው ነው። መለወጥ የነበረበት ፊደሉ እንጂ ቁጥሩ አልነበረም።

በፊደሉም ላይ ተርጓሚው አልተጠነቀቀም፤ ሦስቱን ዓይነቶች «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሏቸዋል። በዕቃው ላይ የታተመው ግን የላቲን ፊደል ነው። ምልክት ይነበባል እንጂ አይተረጎምም።

4. ስለሚቀርበው ስያሜ

ለሞተር «የማስነሻ ኮረንቲ» ማለት ይበቃል፤ ሞተር «ይነሣል» እንላለንና። ለትራንስፎርመር ግን አይሆንም፤ የሚሽከረከር አካል የለውም። አንድ የብየዳ ትራንስፎርመር ዘንጉ ብረት ሳይነካ፣ ገና ሲበራ ብሬከር ሊያወርድ ይችላል፤ ይህም አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም። ምክንያቱ በእምብርቱ ብረት ውስጥ የቀረው ማግኔትና ማብሪያው የተጫነበት ቅጽበት ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ብረቱ በማግኔት ይጠግባል፤ ኮረንቲውም ከመደበኛው 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ወዲያውም እየቀነሰ ይሄዳል። ጭነት በሌለበት «ጭነት በዛ» ማለት ሠራተኛውን የሌለ ጥፋት ማስፈለግ ነው።

ለዚህ «ደራሽ ኮረንቲ» የሚል ስያሜ አቀርባለሁ። ደራሽ ጎርፍ ሳይታሰብ ይመጣል፣ ከወንዙ ልክ ያልፋል፣ ፈጥኖም ያልፋል፤ ሦስቱም ጠባዮች ተሟልተዋል። ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፣ «ደራሽ» ረዳትም ማለት ነው፤ ይህ ግን ከ«ኮረንቲ» ጋር ሲጣመር አያሳስትም። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፦ ደራሽ ከላይ አገር ይመጣል፣ ይህ ኮረንቲ ግን የሚጠራው በራሱ በዕቃው ነው። ጉድለቱን አልክድም። ነገር ግን ስያሜ ሁሉን ሊያስረዳ አይጠበቅበትም፤ ጊዜያዊውን ከዘላቂው ጥፋት ከለየ ሥራውን ሠርቷል።

የኮልፌ ባለ ወፍጮዎች ነገሩን በተግባር ያውቁታል። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ያጠፋሉ፤ መብራት ሲመጣ ሁሉም ሞተር ባንድ ጊዜ እንዳይነሣ ነው። የጎደላቸው ስሙ ብቻ ነው። ስለሆነም «ከልክ ያለፈ ጭነት»፣ «ሾርት» እና «ደራሽ ኮረንቲ» በሦስት ስም ተለይተው በሚቀጥሉት መመሪያዎች እንዲገቡ፣ ረቂቁም ከመታተሙ በፊት ብሬከር ለሚያስገባ አንድ ሠራተኛ ድምፅ ተሰጥቶ እንዲነበብለት አሳስባለሁ። የተሻለ ስያሜ ያለው አንባቢ ቢያቀርብ የእኔን በደስታ እተዋለሁ።