የብሳና ቅርፊትና የአይጥ ደም

የብሳና ቅርፊት ለስኳር በሽታ እንደሚጠጣ የሰሙ ሰዎች ላቦራቶሪያችን ሲመጡ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ «ስኳሩን አወረደው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት የማየው አይጧን ነው።

ቅርፊቱን የምንልጠው ከዛፉ አንድ ጎን ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይደርቃል። ጥላ ላይ አድርቀን እንፈጨዋለን፣ 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለ72 ሰዓት እንዘፈዝፈዋለን፣ አጥልለን ሜታኖሉን እናተናለን፤ የሚቀረው ኤክስትራክቱ ነው። ይህ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከባዱ ሥራ ከአይጦቹ ጋር ነው። ስኳር በሽታ እንዲይዛቸው የምንወጋቸው ስትሬፕቶዞቶሲን ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ይገድላል። ከተሟሟ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ሳይዘገይ መወጋት አለበት። ሕዋሳቱ ሲሞቱ የያዙትን ኢንሱሊን በአንዴ ይለቁታል፤ በዚያች ሌሊት አይጦቹ በስኳር ማነስ እንዳያልቁብን 5 በመቶ የግሉኮስ ውኃ እናስቀምጥላቸዋለን። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጾመው ሲለኩ ስኳራቸው ከ200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ያለፈ አይጦች ወደ ጥናቱ ይገባሉ፤ ኤክስትራክቱን የምንሰጠውም ለእነሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር እጅ ላይ ነው። የደነገጠች አይጥ አድሬናሊን ታመነጫለች፣ ጉበቷም ስኳር ይለቃል። ጭራዋን ጎትቶ ያወጣት ሰው ግሉኮሜትሩ ላይ የሚያነበው ድንጋጤዋን ነው። ስለዚህ ከልኬቱ ቀናት ቀደም ብለን መዳፋችን ላይ እናስለምዳቸዋለን። ከዚያ የጭራዋ ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ ትጠረጋለች፣ የምትለካው ሁለተኛዋ ናት።

ስኳሩ መውረዱም ያታልላል። ኤክስትራክቱ ሆዷን የረበሻት አይጥ መብላት ታቆማለች፤ ካልበላች ስኳሯ መውረዱ አይቀርም። ክብደታቸው ያልተመዘነበትን ውጤት አልቀበልም። ውኃ ብቻ የጠጣ ቡድንና ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጠው ቡድን በጎን ከሌሉም ቁጥሩ ለብቻው ምንም አይነግረንም። ግሊቤንክላማይድ የተረፉትን የቆሽት ሕዋሳት ቀስቅሶ ስለሚሠራ፣ እሱ ስኳሩን ካወረደ ቆሽቱ ፈጽሞ እንዳልሞተ እናውቃለን። ያኔ የብሳናውን ውጤት የምናነጻጽርበት መሠረት ይኖረናል።

ቅርፊት ውስጥ መድኃኒት መፈለግ ከንቱ ልፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1835 ከፖም ዛፍ ቅርፊት የተገኘው ፍሎሪዚን ስኳር በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚያዙት ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን መነሻቸው እሱ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ብሳና ገና አይጥ ላይ ነው።

የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ቅርፊት የምትጠጡ ወገኖቼ፣ ኢንሱሊናችሁንም ሆነ ሜትፎርሚናችሁን አታቋርጡ። የምትጠጡትንም ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ ቅርፊቱና መድኃኒቱ ተደርበው ስኳራችሁን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ።