የትኛው ይገደል? «ዘ ይርሊንግ» ስለሚባለው መጽሐፍ

ወጣት አንባቢ ሆይ! አንድን መጽሐፍ በወጣትነት ጊዜ አንብቦ መፍረድ ቀላል ነው፤ ያው መጽሐፍ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲነበብ ግን ተነሥቶ በፈራጁ ላይ የሚፈርድበት ጊዜ አለ። እኔ ይህ ደርሶብኛልና የደረሰብኝን ልንገርህ።

መጽሐፉ «ዘ ይርሊንግ» ይባላል። የጻፉት ማርጆሪ ኪናን ሮውሊንግስ የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው። በ1938 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፤ በሚቀጥለው ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በ1946ም ሲኒማ ሆኖ ታየ። እኔ ያገኘሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር ከቤተ መጻሕፍቱ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በጨርቅ ተሰፍቶ ነበር። ኋላም መምህር ስሆን ለብዙ ዓመታት አስተማርሁት። ክፉኛ አሳስቼ እንዳስተማርሁት የገባኝ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። የኛ ባላገር በጥጃና በበሬ መካከል ወይፈን የሚል ስም አለው፤ «ይርሊንግ» ማለትም እንደዚሁ ነው፤ ዓመት የሞላው፥ ሕፃን መሆኑ የቀረ፥ ትልቅም ያልሆነ እንስሳ ማለት ነው። እንስሳውን ግን በእንግሊዝኛ «ዲር» የሚሉትን እኛ አጋዘን ወይም ዋላ ብለን እንተረጕመዋለን። እውነቱን ለመናገር በአገራችን ዲር የለም። የኛ አጋዘን፥ የባሌና የአርሲው የደጋ አጋዘንም ጭምር፥ ቀንዱን አይጥልም፤ አብሮት ያድጋል፥ አብሮት ያረጃል። መጽሐፉ የሚናገርለት ባለ ነጭ ጭራው ዲር ግን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ በብርድ ወራት ይጥልና በጸደይ እንደ ገና ያበቅላል። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ በለው። እኔም ሌላ ስም ስለሌለኝ አጋዘን እያልሁ እቀጥላለሁ።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በፍሎሪዳ ጫካ ውስጥ ነው። ፔኒ ባክስተር የሚባል ቁመቱ አጭር ገበሬ ከሚስቱና ከአንድ ልጁ ከጆዲ ጋር ይኖራል። ከጆዲ በፊት የተወለዱት ልጆች ሞተውበታል። በቆሎ ይዘራል፤ ሥጋ ሲያልቅም ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን መርዘኛ እባብ ነደፈው። ያን ጊዜ ከፊቱ ያገኛትን እንስት አጋዘን ተኩሶ ገደለና መርዙን እንዲስብለት ጕበቷን አውጥቶ በቍስሉ ላይ አደረገ። (ይህ የዚያ ዘመን ሰዎች እምነት ነው፤ እባብ የነደፈው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ።) እናቲቱ ከወደቀች በኋላ ገላው በነጠብጣብ ያጌጠ ግልገል ብቅ አለ። አባቱ ከሞት ሲተርፍ ጆዲ ግልገሉን ላምጣው ብሎ ለመነ፤ እናቱ ሕይወት ሰጥታን እርሱ በረኀብ ይሙት ማለት ውለታ ቢስነት ነው አለ፤ አባቱም ፈቀደለት። ጭራው እንደ ሰንደቅ ብድግ ስለሚል ስሙ ፍላግ ተባለ።

ዓመት ሊሞላው ሲል ፍላግ የትምባሆውን ችግኝ ረጋገጠ፤ ቀጥሎም የበቆሎውን ቡቃያ በላ። ጆዲ እንደ ገና ዘራ፤ አጥሩን ከፍ አደረገ፤ ፍላግ ግን ዘለለው። አባትየው ጕቶ ሲነቅል ተጐድቶ አልጋ ላይ ነበረና ልጁን ጠርቶ «ወስደህ ግደለው» አለው። ልጁ አልቻለም። እናትየው ጠመንጃውን አንሥታ ተኰሰች፤ ኢላማ አታውቅምና አቈሰለችው። የፍላግን ሥቃይ በጥይት ያሳጠረው ጆዲ ራሱ ነው።

እኔ ይህን ሳስተምር «ለፍላግ መሞት ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በፈተና አወጣ ነበር። የምጠብቀውም መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ልጁ ነው፥ ለአባቱ አልታዘዘምና» የሚል ነው። አንድ ዓመት ከገጠር መጥታ ከአክስቷ ዘንድ ትማር የነበረች ልጅ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ እኛ ቤት ወንድ ጥጃ ሲወለድ አባባ ለእርሻ ወይም ለገበያ መሆኑን ገና ሲጠባ ይነግረናል፤ እኛም ምን ያህል እንደምንወደው እናውቃለን፤ የጆዲ አባት ግን አልነገረውም። ከአሥር ሁለት ሰጠኋት። በወረቀቱም ዳር «ከጥያቄው ወጥተሻል» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁበት።

አሁን መጽሐፉን እንደ ገና ሳነበው ከጥያቄው የወጣሁት እኔ ነበርሁ። ፔኒ በእንስሳት ላይ መፍረድ የማያውቅ ሰው አይደለም። ከሚያስፈልገው በላይ አይገድልም። ተኵላዎች ከብቱን በፈጁበት ጊዜ እንኳ ጎረቤቶቹ ፎረስተሮች በመርዝ እንጨርሳቸው ሲሉ እርሱ ተቃወመ። የዱር እንስሳን ጠባይ በዱካው ብቻ ያውቃል። ታዲያ እንዲህ ያለ አዳኝ ግልገል አጋዘን በዓመቱ ምን እንደሚሆን፥ የሦስት ሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት እርሻም በሁለት ሌሊት እንደሚበላ አያውቅም ነበርን? ያውቃል። ዝም ያለው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ በዚያ ጫካ ብቻውን የሚያድገው አንድያ ልጁ ጓደኛ አገኘ ብሎ ነው። ይህ ዝምታ ግን ዕዳ ሆነና በመጨረሻ ልጁ ከፈለው። በመጽሐፉ መዝጊያ አባትየው ለልጁ ስለ ኑሮ ክብደት የሚናገረው ንግግር አለ፤ ብዙ ሰዎች የሚያደንቁት፥ እኔም ተማሪዎቼን በቃላቸው ያስያዝኋቸው ነው። ያማረ ንግግር ነው። እኔ ግን ዛሬ ያን ሁሉ፥ ግልገሉ በመጣበት ቀን በተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር እለውጠው ነበር።

ይህን ያስተዋልሁት ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በጻፈልኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። እርሱ የሚኖረው በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ነው፤ ሚስቱ የዚያው አገር ሰው ስለ ሆነች በየኅዳሩ ከአማቱና ከዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ጋር አጋዘን ለማደን ጫካ ይገባል። በዚያ ቤት ልማድ አለ። ከመውጣታቸው በፊት ባለው ማታ ሁሉም በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የትኛው ወንድ እንደሚገደልና የትኛው እንደሚታለፍ ይወስናሉ፤ ጧት ጫካ ውስጥ ክርክር የለም። የአገሩም ሕግ ከ2002 ጀምሮ ያግዛቸዋል፤ ወንዱ በአንድ ወገን ቀንዱ ላይ የተወሰነ ያህል ቅርንጫፍ ከሌለው አይተኰስበትም፤ ለልጆች ግን ይህ ግዴታ አልተጣለባቸውም። ሕጉ የወጣበት ምክንያት ወንዶቹ የመጀመሪያ ቀንዳቸውን ባወጡበት መከር፥ በዓመት ተኩል ዕድሜያቸው፥ አብዛኞቹ ስላለቁ ነው። እንግዲህ እዚያም ነገሩ የይርሊንግ ነገር ነው።

አማትየው ለልጁ የሚያስተምሩት እንዲህ ነው፦ ቀንዱን አትይ፥ ገላውን እይ። ወጣቱ እግሩ ረዥም፥ ወገቡ ቀጭን፥ አንገቱ የሴት ይመስላል። አምስት ስድስት ዓመት የሆነው ግን አንገቱ ወፍሮ ከደረቱ ጋር ይገናኛል፤ ሆዱም ይረግባል። ቀንድ ያታልላል፤ በየዓመቱ ወድቆ የሚበቅል ስለ ሆነ እንደ ምግቡ ያንሳል ወይም ይተልቃል። ከሞተ በኋላ ደግሞ ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል፤ በ1949 ሴቨሪንግሃውስ የተባለ ሊቅ በጥርስ መለወጥና መበላት ዕድሜን የሚያስቈጥር ዘዴ አሳትሟልና አዳኞች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ደስ ያሰኘኛል። ነገር ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ወጣቱን ማለፍ ርኅራኄ ይመስላል፤ ያለፍነው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ትልቅ ቀንዱን በግድግዳ ላይ ለመስቀል ከሆነ፥ ያው የኛ አባቶች ጎሽና አንበሳ ገድለው ይፎክሩበት የነበረው ነገር ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ ፉከራ ጮክ ማለቱ ነው። ሌሎች ደግሞ ቀንዱ አነስተኛ የሆነውን «ዘር ያበላሻል» ብለው ይለቅሙታል። በደቡብ ቴክሳስ ሰፋፊ የከብት ርስቶች ላይ ለዓመታት በተደረገ ምርመራ ግን እንዲህ በመልቀም የመንጋው ቀንድ እንደ ታሰበው አልተሻሻለም። የመንጋውንም ብዛት የምትወስነው ሴቷ ናት። ስለዚህ ሴቶቹን ሁሉ አዝኖ የሚያልፍና ወንድ ብቻ የሚገድል ቤተ ሰብ በሩኅሩኅነቱ ይደሰታል፤ አጋዘኖቹ ግን በዝተው የጫካውን ችግኝ ይጨርሳሉ፥ ብርዱም በረኀብ ይገድላቸዋል። አልዶ ሊዎፖልድ የተባለው የደን ሊቅ ከሞተ በኋላ በ1949 በታተመው መጽሐፉ፥ ተኵላ ሲያንስ አጋዘን ይበዛልና መልካም ነው ብሎ በወጣትነቱ ተኵላ እንደ ገደለና በኋላ እንደ ተጸጸተ ጽፏል።

የተማሪዬ ደብዳቤ ስለዚህ ሁሉ ምክር አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ሌላ ነው፦ «ጋሼ፥ ዘንድሮ በጠረጴዛው ላይ ልጄ ምንም ባልገድልስ አለ። አያቱ ዝም አሉ። እኔ ምን ልበለው?» እኔም «ዘ ይርሊንግ»ን እንዲያነብለት ላክሁለት፤ ከዚያም ማታ በጠረጴዛ ላይ እንቢ ያለ ልጅ ጧት ጫካ ውስጥ እንዲገደድ አትፍቀድ ብዬ ጻፍሁለት። የጆዲ ጭንቅ ይህ ነው፤ ከእርሱ በፊት መወሰን የነበረበትን ሰው ውሳኔ በእርሱ ጣት ላይ ጣሉበት።

ብዙ ወጣቶች «ባምቢ» የሚባለውን የ1942 ሲኒማ ያውቃሉ። በዚያ አጋዘኖቹ ይናገራሉ፥ አዳኙ ግን ፊት እንኳ የለውም፤ ክፉ ብቻ ነው። የሚያስገርመው ሲኒማው የተወሰደበትን መጽሐፍ በ1923 ያወጣው ፌሊክስ ሳልተን ራሱ አዳኝ የነበረ መሆኑ ነው። በወይዘሮ ሮውሊንግስ መጽሐፍ ውስጥ ግን የሚገድለውና የሚያለቅሰው አንድ ሰው ነው። በዚህ ረገድ የእርሳቸው ሥራ እጅግ ይበልጣል።

ቢሆንም ደራሲዋን የምወቅስበት አንድ ነገር አለኝ። እናትየውን በመጽሐፉ ሁሉ ደረቅና ተቈጪ አድርገው ከሳሏት በኋላ መጥፎውን ጥይት ለእርሷ ሰጧት። በዚህም አንባቢው ሊጠላ የሚገባውን ነገር በእርሷ ላይ ጥሎ አባትየውን ንጹሕ አድርጎ ይወጣል። እኔም ያን ሁሉ ዓመት የወጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። እርሷ ግን ልጆቿን የቀበረች፥ ለሚቀጥለው ክረምት የሚቀመጠውን እህል የምትቈጥር ሴት ናት፤ ከሦስቱ መካከል ፍላግ ምን እንደሚያመጣ ከመጀመሪያው የተናገረች እርሷ ብቻ ናት። ሰሚ አላገኘችም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው ክፍል ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነው። ታሪኩ ሲጀመር በሚያዝያ ወር ጆዲ ከምንጭ ዳር ከቅጠልና ከእንጨት ትንሽ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ስትዞር እያየ ይደሰታል። ዓመቱ ሞልቶ ፍላግ ከሞተ በኋላ እዚያው ተመልሶ እንደ ገና ይሠራታል። ወፍጮዋ ትዞራለች፤ ደስታው ግን የለም። ደራሲዋ ይህን ብለው ዝም ይላሉ፤ ምንም አይጨምሩበትም።

ያችን ተማሪዬን ፈለግሁ፤ አክስቷ ከዚያ ሰፈር ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ትምህርት ቤቱ ግን የድሮ መዝገቦቹን አስቀምጧቸዋል፤ ባለፈው ዓመት ሄጄ አየሁት። በኔ እጅ፥ በቀይ ቀለም፥ ከአሥር ሁለት ተጽፏል።