24 ቮልት መኪና ላይ ጌጅ መግጠም

ከአርባ ምንጭና ከምዕራብ አባያ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አይሱዙ እውነተኛ ፈተናው የሚጀምረው እኛ ጋ፣ ሁምቦ ላይ ነው። አባያ ሐይቅ ዳር ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ሶዶ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ። ጠበላን አልፎ ያንን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ የሚገፋ ሞተር ይግላል። የፋብሪካው የሙቀት ጌጅ በብዙ መኪኖች ላይ መሐል ቆሞ ይቆያል፤ መርፌው ሲነሳ ውሃው ፈልቶ ቴስታታው መጣመም ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሹፌሮች ዲግሪውን በቁጥር የሚያሳይ ተጨማሪ ጌጅ እንድንገጥምላቸው የሚጠይቁን። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ስገጥምም እጄ ይጠነቀቃል፤ ሹፌሩና ረዳቱ ሌሊቱን ሙሉ ያንን መርፌ አምነው ይነዳሉና።

ገበያ ላይ የሚገኘው ጌጅ ግን፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይምጣ ከሶዶ ሱቅ፣ አብዛኛው ለቤት መኪና የተሠራ ባለ 12 ቮልት ነው። አይሱዙ ኤፍኤስአሩም ሲኖትራኩም 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትለው ይታሰሩባቸዋል፣ ሞተሩ ሲነሳ አልተርኔተሩ ወደ 28 ቮልት ያደርሰዋል። እንዲህ የተደረገው በምክንያት ነው። ትልቅ ናፍጣ ሞተር የሚያስነሳ ሞተሪኖ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ያው ኃይል በግማሽ አምፔር ይደርሳል፣ በዚያው ገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነውም ወደ ሩብ ይወርዳል። 12 ቮልት ጌጅ እዚህ ላይ በቀጥታ ከታሰረ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው መብራቱ ነው።

አቋራጩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ሁለቱ ባትሪዎች ከሚገናኙበት ሽቦ መሳብ። ቴስተር ሲደረግ 12 ይነበባል፣ ጌጁ ይሠራል፣ ሹፌሩም ከፍሎ ይሄዳል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ተጨማሪውን ጭነት የሚሸከመው ከሻንሲ ጋር የታሰረው ባትሪ ብቻውን ነው፤ አልተርኔተሩ ደግሞ የሁለቱን ድምር እንጂ አንዱን ለይቶ አያይም። የደከመው ሳይሞላ ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃውን ያደርቃል። አንድ ጌጅ የሚወስደው ኢምንት ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን በዚያው ሽቦ ላይ ነገ ቴፕ፣ ከነገ ወዲያ የስልክ ቻርጀር ይታሰርበታል፣ በመጨረሻም ሁለቱም ባትሪዎች ያለ ዕድሜያቸው ይጣላሉ።

ሬዚስተር መጨመርም የተለመደ ነው። ለመብራት ይሆናል። 5 ዋት የሆነ ባለ 12 አምፖል 0.4 አምፔር ያህል ይስባል፤ ከ28 ወደ 12 ለማውረድ 38 ኦም ገደማ ይበቃል። ሬዚስተሩ ግን ከ6 ዋት በላይ ሙቀት ስለሚያወጣ ከፕላስቲክ ርቆ ብረት ላይ መታሰር አለበት። ለጌጁ ለራሱ ግን አይሆንም። ውሃው በሞቀ ቁጥር የሴንሰሩ ኦም ይወርዳል፣ ጌጁ የሚስበው አምፔር ይለወጣል፣ ሬዚስተሩ ላይ የሚቀረው ቮልትም አብሮ ይለወጣል። መርፌው ይንቀሳቀሳል፤ የሚያሳየው ቁጥር ግን ሐሰት ነው። ጌጅ የሌለው ሹፌር እንፋሎት ያያል፣ ያሸታል፣ ይቆማል። ውሸታም ጌጅ ያለው ዳገቱን አምኖ ይገፋል።

ስለዚህ 24 ቮልት የተጻፈበት ጌጅ ከተገኘ፣ ዋጋው ቢወደድም፣ እሱ ይግባ እላለሁ። ካልተገኘ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው መፍትሔው፤ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ መብራት ከሚያገኝ መስመር ተስቦ፣ መነሻው ላይ ፊውዝ ገብቶለት። በቀጥታ ከባትሪ ከታሰረ መኪናው ቆሞም ይበላል። አንዳንዱ ኮንቨርተር የመውጫው ኔጌቲቭ ከመግቢያው የተለየ ነው፤ ያንን ከሻንሲ ጋር ማሰር ግድ ይላል፣ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ሰርኪቱን የሚዘጋው በሞተሩ ብረት በኩል ነውና። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም 12 ቮልታቸውን የሚያገኙት ከትልቁ ባትሪ በኮንቨርተር ነው። ልዩነቱ እዚያ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሰው መግደሉ ነው፤ ይህን ቮልት የሚሸከመውን ብርቱካንማ ገመድ ያልተማረበት እጅ አይንካው።

ሴንሰሩ ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ውሃ እንዳያፈስ ተብሎ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን በብዛት ሲጠመጠም ከሞተሩ ብረት ጋር ያለው ግንኙነት ይደክማል፣ ጌጁም ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በተጨማሪ ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ውሃ ሲነካው ነው። የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ፈንድቶ ውሃው ካለቀ፣ ሞተሩ እየነደደም መርፌው ሊወርድ ይችላል። ይህን ሳልናገር ቁልፍ አልመልስም፦ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ መርፌው ድንገት ከወረደ በረደልኝ ብለው እንዳይቀጥሉ። ዳር ይያዙና ያጥፉት።»

ከመግጠሜ በፊት ሴንሰሩን ከጌጁ ጋር አስሬ የፈላ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ገላውንም ከኔጌቲቭ ጋር በሽቦ አገናኛለሁ። እዚህ ላይ 100 ዲግሪ የሚጠብቅ ሰው ደህናውን ጌጅ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል፤ ውሃ ሶዶ ላይ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ 96 አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ከደከመ፣ ሐይቁ ዳር ሳይፈላ ያለፈው 95 ዲግሪ ሶዶ መግቢያ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ጌጅ ልግጠም ብሎ የመጣውን መኪና መጀመሪያ የራዲያተር ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ፤ ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ ክዳኑ ይቀየር፣ ጌጁ ለሚቀጥለው ጉዞ ይቆይ እላለሁ።