የሰመር ኳስ ሊግ፦ ለልጅ ነው ወይስ ለወላጅ?

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ወላጆች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። ልጃችንን ለሰመሩ የእግር ኳስ ሊግ እናስመዝግብ ወይስ ይቅር? ላይ ላዩን ሲታይ ቅጽ ሞልቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ማልያ ተቀብሎ መሄድ ነው። ነገር ግን የቤቱን ገንዘብ፣ የሳምንቱን ዕረፍትና ልጁ ስለ ራሱ የሚኖረውን ግምት የሚነካ ውሳኔ ስለሆነ፣ “የእገሌ ልጅ ገብቷል” በሚል ፉክክር ብቻ ሊወሰን አይገባም። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አባት እንደመሆኔ ነገሩን በጥሞና ለማየት ሞክሬአለሁ።

አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆች ዝናቡ ጋብ ሲል የጨርቅ ኳሳቸውን ይዘው ጭቃው ውስጥ ይገባሉ። መዝጋቢ የለም፣ ከፋይም የለም፤ ክለቡ ሰፈሩ ነው። ታላቁ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የአራዳ ልጆች ቡድን ነበር። እዚህ እነዚያው ወራት ሰመር ናቸው። ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ትቆያለች፤ ሣሩም እንደ ምንጣፍ ነው፤ ነገር ግን ደጅ ወጥቶ በራሱ ፈቃድ የሚጫወት ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሊግ ቅንጦት ነው ከሚሉት ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። በዚህ አገር ሊግ የሰፈርን ቦታ ተክቷል። ክርክሩ መሆን ያለበት የትኛው ሊግ ለልጁ ሰፈር ይሆነዋል በሚለው ላይ ነው።

ምርጫው በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሁለቱ ከተሞች የፓርክ መሥሪያ ቤቶች በየአካባቢው ማዕከል የሚያካሂዱት ነው፤ ክፍያው ዝቅተኛ ነው፣ አቅም ለሌለው ቤተሰብም ቅናሽ አለው። ሌላው ልጆችን በችሎታ ፈትኖ በደረጃ የሚከፋፍለውና ከከተማ ከተማ የሚያዞረው የክለቦች ውድድር ነው። የዚህ ዓለም ትልቁ በዓል በ1985 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውና በሐምሌ ወር በብሌን ከተማ የሚካሄደው የዩኤስኤ ካፕ ነው። ከብዙ አገር የመጡ ልጆች የሚገናኙበት ስለሆነ፣ ያየ ልጅ ሁሉ ይመኘዋል፤ ወላጁማ ከልጁ ይብሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። አስፐን ኢንስቲትዩት ባቀረበው ጥናት መሠረት አንድ አማካይ የአሜሪካ ቤተሰብ በ2024 ለአንድ ልጅ ዋና ስፖርት 1,016 ዶላር አውጥቷል፤ ይህም ከ2019 ጋር ሲነጻጸር 46 በመቶ ጨምሯል። ይኸው ተቋም በ2019 እንደገለጸው ደግሞ አማካዩ ልጅ በአንድ ስፖርት ሦስት ዓመት እንኳ ሳይቆይ በ11 ዓመቱ ይተወዋል። ዋጋው ሽቅብ፣ የልጁ ፍላጎት ቁልቁል ማለት ነው። ይህን እያወቅን የዘጠኝ ዓመት ልጅን ፈትነን “አንተ ሁለተኛ ቡድን ነህ” ብንለው ምን እናተርፋለን? በኖርዌይ የስፖርት ደንብ ልጆች 11 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የደረጃ ሠንጠረዥ አይወጣላቸውም። ሕዝቧ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ሕዝብ ብዙም የማይበልጥ ይህች አገር ግን የዓለም ምርጥ አጥቂዎችን ታፈራለች።

“ተሰጥኦ ያለውስ ልጅ?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም በ2007 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ በኤፍሲ ዳላስ ተመረጠ፤ በኋላም ለቶሮንቶ ተጫውቷል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013ም በብሔራዊ ቡድናችን ውስጥ ነበር። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ነገር ግን በየሜዳው ዳር ቆመን ልጆቻችንን ሁሉ ፉአድ ለማድረግ ስንጮህ፣ ኳስ ለእነሱ ደስታ መሆኑ ቀርቶ የእኛ የስደት ዕዳ መክፈያ ይሆናል። “ለሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል?” ለሚሉኝም መልሴ አጭር ነው፤ የምንኖረው ሴቶቹ የዓለምን ዋንጫ አራት ጊዜ ባነሡበት አገር ነው።

እንግዲህ እኔ አንድን ሊግ የምመዝነው በአራት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ልጄ ስንት ደቂቃ ትጫወታለች? ከ10 ዓመት በታች ጨዋታው ሰባት ለሰባት ነው፤ ቡድኑ 14 ልጅ ከመዘገበ ግማሾቹ ዘወትር ተቀማጭ ናቸው። ሁለተኛ፣ አሠልጣኙ ማን ነው? ስሟን አስተካክሎ ለመጥራት የሚጥር ሰው ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጥብኛል። ሦስተኛ፣ ሜዳው የት ነው? ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ በሥራ ቀን ማታ ሌክቪል ወይም ዉድበሪ ድረስ ልጅ ማመላለስ አይችልም። አራተኛ፣ ሁሉም ሲደመር ስንት ይመጣል? ማልያው፣ ቤንዚኑና የሆቴሉ ወጪ ማስታወቂያው ላይ አይጻፉም። የማይጻፍ ሌላ ወጪም አለ፤ የእሁድ ጠዋት ጨዋታ ቅዳሴውንና የአማርኛ ትምህርቱን ይወስዳል።

በዚህ ሚዛን የፓርኩ ሊግ ያሸንፋል፤ ልጄንም የማስመዘግባት እዚያ ነው። ክለቡን 11 ዓመት ሲሞላት፣ ያውም ራሷ ከጠየቀች እናስብበታለን።

ወቀሳዬ ግን ለክለቦቹ ብቻ አይደለም። እኛም ኳስ እንወዳለን። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ያሰባስበናል፤ የኦሮሞ ስፖርት ፌዴሬሽንም ውድድሩን ብዙ ጊዜ እዚሁ ሚኒሶታ አካሂዷል። በ2012 ደግሞ ተጣልተን በዳላስና በዋሽንግተን ሁለት ውድድር እስከ ማዘጋጀት ደርሰናል። ለአዋቂዎች ኳስ ይህን ያህል ገንዘብ፣ ጉልበትና ጠብ ካለን፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጆች መመዝገቢያ የሚሆን ጥቂት ዶላርና አንድ መኪና እንዴት እናጣለን? ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ማኅበሩ በየአቅማቸው የልጆችን ክፍያ ቢሸፍኑ፣ አራት ወላጆች ተራ ገብተው ልጆቹን ቢያመላልሱ፣ ከፓርኩ ሊግ የሚቀር ልጅ አይኖርም። ቡድኑ የሐበሻ ብቻ ይሁን አልልም፤ የሶማሌው፣ የሞንጉና የሜክሲኮው ልጅም ሰፈሩ እዚሁ ነው። የተሰደድነው እኛ ነን፤ ልጆቻችን እዚህ ባለአገር ናቸው። ሰፈር እንዲኖራቸው ማድረግ ግን የእኛ ፋንታ ነው።