‹ነገረ› ወይስ ‹ነገር›? ውዱን ገመድ አልባ ኪቦርድ በአማርኛ ስንፈትነው

ኮምፒውተራችሁ ላይ በድምፅ የሚጻፍበት የአማርኛ ሶፍትዌር ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። ‹ነገረ› ብላችሁ ጻፉ። ጣታችሁ ስድስት ጊዜ ይመታል፦ ኤን፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ፣ አር፣ ኢ። አሁን ደግሞ የመጨረሻዋን ኢ ሳትመቱ እለፉ። ያገኛችሁት ‹ነገር› ነው። ‹ገደለ›ም በዚሁ መንገድ ‹ገደል› ይሆናል። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ሲጎድል ቃሉ ብዙውን ጊዜ ስህተት መሆኑ ያስታውቃል። በአማርኛ ግን ሌላ ትክክለኛ ቃል ሆኖ ቁጭ ይላል። ኮምፒውተሩ ቀይ አያሰምርበትም፣ እናንተም ስታነቡት ታልፉታላችሁ።

ይህን የምነግራችሁ ስለ ኪቦርድ ስለምንወያይ ነው። ስለ መካኒካል ኪቦርድ የሚወጡት ቪዲዮዎች ስለ ድምፁ፣ ስለ መብራቱና ስለ ሚሊ ሰከንድ ያወራሉ። በ‹ነገረ› ሲፈትኑት ግን አላየሁም። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው፣ ወይም የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ ለሚሠራ ተማሪ፣ ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ለወራት የተጠራቀመ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አብረን እንመርምረው።

ለምሳሌነት የመረጥኩት ኪክሮን ኬ2 ፕሮን ነው። በዚህ ክፍል በደንብ የታወቀ ነው፤ አምራቹም ቁጥሮቹን በግልጽ ያወጣል። 84 ቁልፎች አሉት፣ በብሉቱዝም በገመድም ይሠራል፣ ባትሪው 4,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል።

ቁልፉ ሥር ምን አለ?

ተራ ኪቦርድ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የጎማ ጉልላት አለ። ቁልፉ የሚሠራው ጎማው ሲጨፈለቅ፣ ማለትም ታች ድረስ ስትጫኑት ነው። ጎማው ሲያረጅ አንዱ ቁልፍ ይላላል፣ ሌላው ይደርቃል። ጣታችሁ ‹መትቻለሁ› ሲል ኮምፒውተሩ ‹አልደረሰኝም› የሚለው ያኔ ነው።

መካኒካል ኪቦርድ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና የብረት ንክኪ አለው። ይህን ክፍል ስዊች ይሉታል። በስፋት የሚኮረጀው የጀርመኑ ቼሪ ኤምኤክስ ስዊች በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ምቱ የሚመዘገበው ግን 2 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ታች ድረስ መውረድ ግዴታ አይደለም ማለት ነው። ቀዩ ዓይነት ያለ እንቅፋት ይወርዳል፤ ለመሥራት ወደ 45 ግራም ክብደት የሚያህል ግፊት ይበቃዋል። ቡናማው ዓይነት መንገድ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ምቱ ሲመዘገብ ጣት ይሰማዋል።

ጌም የሚጫወቱ ቀዩን ይመርጣሉ፣ ይፈጥናልና። ለአማርኛ ግን ቡናማው የተሻለ ነው እላለሁ። የኛ ትልቁ አደጋ መዘግየት አይደለም፤ ሁለተኛዋ ምት መጥፋቷ ነው። ጉብታው ለእያንዳንዷ ምት ‹ደርሳለች› የሚል ደረሰኝ ይሰጣችኋል።

ኪቦርዱ አማርኛ አያውቅም

ብዙ ሰው ቁልፎቹ ላይ ፊደል የተለጠፈበት ኪቦርድ ‹የአማርኛ ኪቦርድ› ይመስለዋል። እውነቱ ግን ኪቦርድ ቋንቋ አያውቅም። ኤስን ስትመቱ በዩኤስቢ ደንብ መሠረት የሚልከው ‹22 ቁጥር ቁልፍ ተጫነ› የሚል መልእክት ብቻ ነው። ኢን ስትመቱ 8 ቁጥርን ይልካል። 22ን ወደ ‹ስ› የሚለውጠው፣ ቀጥሎ 8 ሲመጣ ‹ስ›ን አንስቶ ‹ሰ›ን የሚያስቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው ኪማን። ‹ሰ› እና ‹ስ› እንደማንኛውም ፊደል የየራሳቸው ቁጥር ያገኙት ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያካትት ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ጥያቄ ነበር፦ ከ200 በላይ የሆኑ ፊደላት በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ እንዴት ይሰፍራሉ? በጽሕፈት መኪናው ዘመን መልሱ ፊደሉን ከቁራጭ መገጣጠም ነበር። ዛሬም የምንሠራው ያንኑ ነው፤ የሚገጣጥመው ብረት ሳይሆን ሶፍትዌር ሆነ እንጂ።

ስለዚህ ኬ2 ፕሮ አማርኛችሁን በራሱ አያሻሽልም። የሚያግዝ አንድ ነገር ግን አለው፦ ቪያ በሚባል ፕሮግራም የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ መቀየር ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ቋንቋ ለመለወጥ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብራችሁ ትጫናላችሁ አይደል? ያንን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። በቀን መቶ ጊዜ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚመላለስ ሰው ከመብራቱ ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው።

የግራ እጅ ሸክም

እስቲ እንቁጠር። ‹ሰላም› 3 ፊደል ነው፣ 5 ምት ይፈልጋል። ‹ጎንደር› 4 ፊደል፣ 6 ምት። ‹ጥምቀት› 4 ፊደል፣ 5 ምት፤ በላዩ ላይ በብዙዎቹ የአጻጻፍ ስልቶች ‹ጥ›ን ከ‹ት› ለመለየት አንድ ሺፍት። በጠቅላላው 11 ፊደል በ16 ምትና በአንድ ሺፍት። አይዟችሁ፣ ይኸ ድክመት አይደለም። የኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለያዘ እንጂ ‹ሰላም› በላቲን ቢጻፍም ያው 5 ምት ነው።

ልዩነቱ ሸክሙ የት ይወድቃል የሚለው ላይ ነው። ሳድስ ሌላ አናባቢ አይፈልግም። በብዛት የሚመጡት ግዕዝና ራብዕ ግን ኢንና ኤን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ያሉት በግራ እጅ በኩል ነው። ኤ የምትመታው በግራ ትንሿ ጣት ነው። አብዛኛው ሰው ለ‹ጠ›፣ ለ‹ጨ› እና ለመሳሰሉት የሚጫነው ሺፍትም የዚህችው ትንሽ ጣት ሥራ ነው። ከአሥሩ ጣቶች ደካማዋን በጣም አሠራናት ማለት ነው።

የኬ2 ፕሮ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታየኛል። ስዊቾቹ ያለ ብየዳ ተነቅለው ይተካሉ። ስለዚህ ኪቦርዱን በሙሉ ቡናማ አድርጋችሁ ከኤ እና ከግራ ሺፍት ሥር ብቻ ለስላሳ ስዊች መትከል ትችላላችሁ። ይህን በተራ ኪቦርድ አታደርጉትም። በሌላ በኩል ኪቦርዱ ቁመቱ ከላፕቶፕ ኪቦርድ በጣም ይበልጣል። ክንዳችሁ ሥር የተጣጠፈ ጨርቅ ወይም መደገፊያ ካላደረጋችሁ የእጅ አንጓችሁ ወደ ላይ ተጎብጦ ይውላል።

ለጌምስ?

አምራቹ እንደሚለው ኬ2 ፕሮ በገመድ ሲሠራ በሰከንድ 1,000 ጊዜ፣ በብሉቱዝ ሲሠራ ግን 90 ጊዜ መረጃ ይልካል። አንዱ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ፣ ሌላው በየ11 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። እውነት ይሰማል?

ጎንደር ሆናችሁ ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ያለ ጌም ትጫወታላችሁ እንበል። ርቀቱ በአየር ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሄዶ ለመመለስ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር አልፎ ባሕር ውስጥ ይገባል። እንግዲህ 10 ሚሊ ሰከንድ ለማትረፍ ብዙ ብር አውጥታችሁ 50ውን ማንም አይቀንስላችሁም። ተራ ስክሪን ራሱ አዲስ ምስል የሚያሳየው በየ17 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ ነው።

ኢንተርኔት በማይፈልግ ፈጣን ጌም ላይ ግን ልዩነቱ ሊሰማችሁ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገመዱን ሰኩት። ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ የያዛችሁት ጆይስቲክ ነው፤ ኪቦርዱ አይመለከታችሁም።

መብራት፣ ብርድና አቧራ

‹ገመድ አልባ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ይሠራል› የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይሠራል፤ ዴስክቶፑ ግን ጠፍቷል። ጥቅሙ የሚታየው ከላፕቶፕ ወይም ከታብሌት ጋር ነው፤ ብሉቱዙ ከሦስት መሣሪያዎች ጋር ይተዋወቃልና። ከቁልፎቹ ሥር ያለውን መብራት ብታጠፉት ባትሪው በጣም ይቆያል።

ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ የማለዳውን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ይጎዳዋል። ወደ ስሜን ተራሮች ይዛችሁት ከወጣችሁ ሳይሞቅ አትሰኩት።

የበጋው አቧራም አለ። የብረት ንክኪ ሲገጥም ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል። ኪቦርዱ ይህንን ለማለፍ ትንሽ ይጠብቃል። ቆሻሻ ሲገባ መንጠሩ ከዚያ ያልፍና አንድ ምት ሁለት ይሆናል፤ ‹ስ› ያላችሁት ‹ስስ› ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስዊቹን ነቅሎ መቀየር ይቻላል፤ መለዋወጫው ግን እንደ ስልክ ቻርጀር በየሱቁ የሚገኝ አይደለም። ስትገዙ አብራችሁ አምስት ስድስት ትርፍ ስዊች ያዙ።

ታዲያ ይገዛ?

ኪቦርድ ሳያዩ መጻፍ ካልቻላችሁ አትግዙት። ባላችሁ ኪቦርድ፣ በነፃ ሶፍትዌር፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ለአንድ ወር ተለማመዱ። ያ ከየትኛውም ስዊች የበለጠ ያፈጥናችኋል። ለኢንተርኔት ጌም ብላችሁም አትግዙት፤ ፊዚክሱ ከእናንተ ጋር አይደለም።

በአማርኛ በየቀኑ የምትጽፉ፣ በተለይም በጽሕፈት እንጀራችሁን የምታገኙ ከሆነ ግን ይገባችኋል። የሚገባችሁ በፍጥነቱ አይደለም፤ እያንዳንዷ ምት ጣታችሁ ላይ ስለምትታወቅና ለደከመችው ጣት ሸክሙን ማቅለል ስለሚቻል ነው። ሱቅ ስትሄዱ መብራቱን አትዩ። ኮምፒውተር ላይ አስሰኩትና ‹ነገረ› የሚለውን ሃያ ጊዜ በፍጥነት ጻፉ። ከዚያ ስንቱ ‹ነገር› ሆኖ እንደወጣ ቁጠሩ።