የጎልፍ ኳስ በምን ይመዘን?

ስለ ጎልፍ ኳስ የሚጻፈውን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፤ ይኸውም ጥያቄው ሁልጊዜ «የትኛው ይርቃል?» የሚል መሆኑ ነው። ሻጩ ስለ ርቀት ያወራል፤ ገዢው ስለ ርቀት ይጠይቃል፤ መርማሪውም መኪና አቁሞ ርቀት ይለካል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፣ ይህ ሚዛን ውሸት ባይሆንም ኳስን ከኳስ ለመለየት እምብዛም የማይረባ መሆኑን ነው። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አንስማማም። ሁለት ነገሮችን ማወዳደር የምርምር ሁሉ መነሻ ስለ ሆነ፣ በዚህች ትንሽ ኳስ ላይ የሚሠራው ስሕተት በማዳበሪያም በመድኃኒትም ላይ ይሠራል።

ጎልፍ ተጫውቶ የማያውቅ አንባቢም ቢሆን ነገሩ አይከብደውም። በገና ጨዋታ የሮጠ ሁሉ ሩሩ ከእንጨት ሲሆንና ከጠፍር ሲሆን በዱላው ላይ አንድ ዐይነት ስሜት እንደማይሰጥ ያውቃል። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን አንድ አሮጌ የጎልፍ ኳስ በመጋዝ ከሁለት ቆርጠው አሳይተውን ነበር፤ ውስጡ እንደ ልቃቂት በቀጭን የጎማ ክር የተጠቀለለ ነበረ። ክሩ ተወጥሮ ስለ ነበር መጋዙ ሲነካው እየተበጠሰ ይፈናጠር ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም የጠየቅነው ጥያቄ «ስንት ሜትር ይሄዳል?» የሚለውን ነው። እንግዲህ ስሕተቱ የእኛም ነበር ማለት ነው።

ታሪኩን ከስኮትላንድ እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። በጥንት ጊዜ ኳሱ በላባ የተጠቀጠቀ ቆዳ ነበረ፤ አንድ ሠራተኛ በቀን ከጥቂት ኳሶች በላይ መሥራት ስለማይችል ዋጋው ውድ ነበር፤ ዝናብ ሲመታውም ይበላሻል። በ1848 አካባቢ ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የዛፍ ሙጫ የተሠራ ኳስ መጣ። ይህ ኳስ ርካሽ ነው፤ ውሃም አይፈራም፤ ነገር ግን አዲስና ለስላሳ ሆኖ ሳለ አበራረሩ መጥፎ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ኳሱ በዱላ ተደብድቦ ሲቈሳስል በተሻለ ሁኔታ ይበር ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሠሪዎቹ ራሳቸው ገና ከመሸጡ በፊት በመዶሻ ያቈስሉት ገቡ። በ1905 እንግሊዛዊው ዊሊያም ቴለር የፈጠራ መብት የጠየቀበት የስርጉድ ንድፍ የዚሁ ትዝብት ልጅ ነው። ስርጉዱ በኳሱ ገጽ ላይ ያለውን ቀጭን አየር ስለሚያናውጠው፣ አየሩ ከኳሱ ጀርባ ቶሎ አይላቀቅም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ የሚይዘው ኀይል ይቀንሳል።

የኤዲንብራው የፊዚክስ ሊቅ ፒተር ጋትሪ ቴት ደግሞ በ1893ና በ1896 ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የሚሄድ ኳስ አየሩ ወደ ላይ እንደሚደግፈው አስረዳ። ልጁ ፍሬዲ ቴት በ1896ና በ1898 የአማተሮች ሻምፒዮና አሸናፊ ነበር፤ አባት በወረቀት፣ ልጅ በሜዳ መሆናቸው ደስ ያሰኛል። ከቴት ወዲህ አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል፤ ኳስን ኳስ የሚያሰኘው ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ሽክርክሪቱም ነው። ርቀትን ብቻ የሚጽፍ ሰንጠረዥ ግን ይህን ዘሎት ያልፋል።

አሁን ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ወደሚጠቀሰው ወደ 1902 የሆይሌክ ውድድር እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካዊው ኮበርን ሃስኬል በጎማ ክር የተጠቀለለውን ኳስ በአክሮን ከተማ አሠርቶ ነበር። አዲሱ ኳስ ይርቃል፤ ነገር ግን በጉድጓዱ አጠገብ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ያስቸግራል ተብሎ ይታማ ነበር። በዚያ ውድድር ሳንዲ ኸርድ በሃስኬል ኳስ ተጫውቶ በ307 ምት አሸነፈ፤ ሃሪ ቫርደንና ጄምስ ብሬድ በ308 ተከተሉት። ከዚህ በኋላ የጉታ ፐርቻ ዘመን አበቃ። ጸሐፊዎችም «ኳሱ አሸነፈ» አሉ።

እኛ ግን ቍጥሮቹን ዘርዝረን እንመልከት። የኸርድ አራት ዙሮች 77፣ 76፣ 73 እና 81 ናቸው። ሰውዬው አንድ ነው፤ ሜዳው አንድ ነው፤ ኳሱም እንደሚተረከው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንድ ኳስ ነበር። ሆኖም በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር መካከል የ8 ምት ልዩነት አለ። በሁለቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 1 ምት ብቻ ነው። አንድ ኳስ ከራሱ ጋር በ8 ሲለያይ፣ የ1 ምት ብልጫ የኳስ ብልጫ ነው ብሎ መፍረድ በምን ሥርዓት ይቻላል? ሃስኬል የተሻለ ኳስ እንደ ነበረ አንክድም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ መስክሮለታል። የምንለው፣ ሆይሌክ ይህን አላስረዳም ነው። ትክክለኛ ፍርድ በደካማ ማስረጃ ላይ ሲቆም፣ ሌላ ጊዜ ያው ማስረጃ የተሳሳተ ፍርድ ይሸከማል።

ስለ ትንሹና ስለ ትልቁ ኳስ ክርክር ብዙ አንልም። አሜሪካኖች ከ1932 ጀምሮ ስፋቱ ከ1.68 ኢንች፣ ማለት ከ42.67 ሚሊ ሜትር፣ የማያንስ ኳስ ሲያዝዙ፣ ብሪታንያ 1.62 ኢንች የሆነውን ትንሹን ፈቅዳ ኖረች። ትንሹ በተለይ በነፋስ ፊት ይርቃል፤ ትልቁ በሣር ላይ ጉብ ብሎ ስለሚቀመጥ ለመምታትም ለመግራትም ይመቻል። በ1974 በብሪታንያ ኦፕን ሻምፒዮና ትልቁ ግዴታ ሆነ፤ በ1990 ትንሹ ከነጭራሹ ተከለከለ። የሚርቀው ቀረ፤ የሚገራው ጸና። ርቀት ዋና ሚዛን ናት ለሚሉ ይህ መልስ የሚሻ ነገር ነው።

ዋናው ነቀፋችን ግን በሕጉ በኩል ነው። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1976 የጠቅላላ ርቀት ወሰን አወጣ። የሚመታው ሰው ሳይሆን መኪና ነው። በ2004 በታደሰው ደንብ የዱላው ፍጥነት በሰዓት 120 ማይል፣ ማለት 193 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሲሆን ኳሱ ከ317 ያርድና ከ3 ያርድ የልኬት ይቅርታ በላይ እንዳይሄድ ታዘዘ፤ ይህም 293 ሜትር ገደማ ነው። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የመፈተኛው ፍጥነት ወደ 125 ማይል ከፍ እንዲል መወሰኑ ተነገረ። እንግዲህ ሕጉ ጣራ ሠርቷል፤ ታላላቆቹ ሠሪዎችም ሁሉ ጣራው ሥር ደርሰው ቆመዋል። ስለዚህ በርቀት ማወዳደር ማለት ሕግ አስቀድሞ ያስተካከለውን ነገር ማወዳደር ነው፤ አንድ ቁመት እንዲኖራቸው የተቈረጡ ምሰሶዎችን ደርድሮ ረጅሙ የትኛው ነው እንደማለት ነው። የሚገኘው ልዩነት ጥቂት ሜትር ነው፤ ማስታወቂያው ሁሉ የሚጮኸውም በዚያች ጥቂት ሜትር ነው። በዚያ ላይ በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር የሚመታ ተራ ሰው የለም፤ ተራው ወንድ ተጫዋች 150 አካባቢ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከወዴት አለ? በአጭሩ ምት ላይ ነው። ልኩ 72 ምት በሆነ ሜዳ 36ቱ ምት በጉድጓዱ ዙሪያ ባለው የተላጨ ሣር ላይ ኳሱን ለመግፋት የተመደበ ነው፤ በትልቁ ዱላ የሚመታው ግን ብዙውን ጊዜ ከ14 አይበልጥም። ዩሬቴን የተባለ ለስላሳ ሽፋን ያለው ኳስ በአጭር ብረት ዱላ ሲመታ፣ የዱላው ገጽ ይይዘውና በኀይል ይሽከረከራል፤ ሲወርድም ቶሎ ይቆማል። ጠንካራው የሰርሊን ሽፋን ያለው ግን ሸርተት ብሎ ይወጣና ወርዶ ይንከባለላል። ይህን ልዩነት መኪና ሳይሆን ዐይን ይለየዋል።

ባለሙያዎቹ ይህን በገንዘባቸው መስክረዋል። እስከ 1990ዎቹ ድረስ ረጅም የሚሄደውና የማይላጠው ባለ ሁለት ክፍል ኳስ በገበያ ላይ ሳለ፣ አብዛኞቹ ቶሎ የሚላጠውን በክር የተጠቀለለ ኳስ ይመርጡ ነበር፤ ምክንያቱም ይቆምላቸዋል። በጥቅምት 2000 በላስ ቬጋስ ውድድር ቲትሊስት ፕሮ ቪ ዋን ሲቀርብ 47 ተጫዋቾች ባንድ ሳምንት ወደ እሱ ተዛወሩ። አዲሱ ኳስ ርቀትን ስላመጣ ብቻ አይደለም፤ ርቀት ድሮም ነበረች። ርቀትን ሲያመጣ መቆምን ስላላሳጣቸው ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጎበዝና በደካማ ተጫዋች መካከል ካለው የምት ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል ከ100 ያርድ በላይ ካለው ምት የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሥራው የተመሰከረለት ነው፤ እኛም እንቀበለዋለን። ነገር ግን ብሮዲ የለካው ሰውን ከሰው ነው። የእኛ ጥያቄ ያው ሰው ሁለት ኳስ ሲይዝ ልዩነቱ ከየት ይመጣል የሚል ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች ማደባለቅ የሰውን ክንድ ለኳሱ መስጠት ነው።

ከፍታም የሚዘነጋ ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ በሆነችው በአዲስ አበባ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሚይዘውም የሚደግፈውም አየር ስለ ሳሳ፣ ኳስ ይርቃል፤ ጥምዘዛው ግን ይቀንሳል። ከ2017 እስከ 2020 ታላላቆቹ ባለሙያዎች በሜክሲኮ ከተማ ሲወዳደሩ፣ በተመሳሳይ ከፍታ፣ የለመዱትን ርቀት ሁሉ እንደ ገና ማስላት ነበረባቸው። በባሕር ዳርቻ የተሠራ የርቀት ሰንጠረዥ እዚህ ሲመጣ ከነቍጥሮቹ ይወድቃል።

ስለዚህ በከተማችን የጎልፍ ሜዳ ኳሶችን ለማወዳደር የሚነሣ ተማሪ ቢኖር፣ ከጉድጓዱ ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲሄድ እንመክራለን፤ አስቀድሞ ከ10 ሜትር፣ ቀጥሎ ከ40፣ ከዚያም ከ100፣ በመጨረሻ ብቻ በትልቁ ዱላ። ሁለቱ ዐይነት ኳሶች ስማቸው በቀለም ይሸፈን፤ እያፈራረቁ ይመቱ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ዱላ ተሸካሚው ብቻ ይወቅ። የሚመዘገበውም ኳሱ ከጉድጓዱ ስንት ክንድ ርቆ እንደ ቆመ ይሁን፤ ነፋስ ሲነሣ ሥራው ይቋረጥ፤ ቀለሙም የሚታጠበው ቍጥሩ ሁሉ በደብተር ከሰፈረ በኋላ ነው።