የአብራሪዎች ትዝታና የሜዳው ሰዎች
በምሥራቅ አፍሪቃ የበረራ ክበብ ዘመን ላይ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ሲመረመሩ

ከባሕር ማዶ መጥተው በምሥራቅ አፍሪቃ ዱር ላይ በትንንሽ አይሮፕላን ሲበሩ የኖሩ ሰዎች ስለ ወጣትነታቸው የጻፉት ትዝታ ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መልኩም በቶሎ ይታወቃል። ሞተሩ በበረሃ ላይ ይታመማል፤ ደመናው ተራራውን ይሸፍናል፤ ማረፊያው ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ መንጋ ተሰማርቶ ይገኛል፤ አብራሪው በብዙ ጭንቅ ያርፋል። ማታ በበረራ ክበቡ ውስጥ ብርጭቆ ይዞ ነገሩን ለጓደኞቹ ያወራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ወሬ በመጽሐፍ ያወጣዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አንብቤአለሁ። ዳሩ ግን አንብቤ ስጨርስ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እነዚህ ሰዎች ሲነሡና ሲያርፉ ሜዳው ላይ ቆሞ የነበረው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ታወቁ መጻሕፍትን በዚህ ጥያቄ መመርመር ነው። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

አስቀድሞ ስለ ዘመኑ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የምሥራቅ አፍሪቃ የበረራ ክበብ በናይሮቢ የተቋቋመው በ1927 ነው። በ1929 ወይዘሮ ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን ቶም ካምቤል ብላክ ከተባለው አብራሪ ጋር ሆነው የዊልሰንን የአየር መንገድ መሠረቱ፤ ይኸውም ጦርነቱ እስከ ተነሣበት እስከ 1939 ሠርቷል። ዛሬ በናይሮቢ ያለው የትንንሽ አይሮፕላኖች ጣቢያ የሚጠራው በእኒሁ ሴት ስም ነው። በዚያን ጊዜ በኬንያ መንገዱ ጥቂት፥ ርቀቱ ብዙ ነበር፤ በክረምት ጭቃው መኪናን ይውጥ ነበር። ከእንጨትና ከሸራ የተሠራችው ጂፕሲ ሞዝ ግን ሣሩ የታጨደ አጭር ሜዳ ካገኘች ይበቃታል። ስለዚህ ደብዳቤውም፥ ሐኪሙም፥ አዳኙም፥ የወርቅ ፈላጊውም በእርሷ መሄድ ጀመሩ። ክበቡ የእነዚህ ሰዎች መሰብሰቢያ ነበር። ክበብ ማለት አባል ያለው ማለት ነው፤ አባል ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ አባል ያልሆነ ሰው አለው። በዚያ በቅኝ ግዛት ዘመን የክበቡ ሕይወት የሰፋሪዎቹና የሹማምንቱ ሕይወት ነበር።

ከዚህ ዓይነቱ መጻሕፍት ሁሉ ስመ ጥሩው የወይዘሮ ቤሪል ማርካም «ከሌሊት ጋር ወደ ምዕራብ» ነው። ደራሲዋ በ1902 እንግሊዝ አገር ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደ ኬንያ መጡ፤ ያደጉትም ንጆሮ ላይ ፈረስ ያሠለጥኑ ከነበሩት አባታቸው ዘንድ ነው። በረራን የተማሩት ከካምቤል ብላክ ነው። በመስከረም 1936 ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ብቻቸውን አትላንቲክን ወደ ምዕራብ ተሻገሩ፤ ነዳጁ በቅዝቃዜው ምክንያት አልወርድ ቢላቸው በካናዳ፥ በኖቫ ስኮሺያ ረግረግ ላይ ወደቁ። መጽሐፉ በ1942 ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ተረሳ፤ በ1983 እንደ ገና ታትሞ ግን ዓለም አነበበው። ደራሲዋ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ብቻ ኖረው በ1986 በናይሮቢ ዐረፉ።

የመጽሐፉ ብርታት የማይካድ ነው። ብቻውን በሌሊት የሚበር ሰው የሚሰማውን ዝምታ ደራሲዋ ያለ ጌጥ ይነግሩናል። ከሌሎቹም የሚለያቸው አንድ ታላቅ ነገር አለ። በልጅነታቸው አብረዋቸው የሮጡትን፥ ያደኑትንና የታገሉትን የአካባቢውን ሰዎች በስማቸው ይጠራሉ። ከእነዚህም አንዱ በልጅነቱ ኪቢ፥ ጎልማሳ ሲሆን አራብ ሩታ የተባለው ሰው ነው። ሩታ ከፈረስ ጋጣ ተነሥቶ እስከ አይሮፕላን ማደሪያ ድረስ ተከትሏቸዋል። ቀድሞ ጎን ለጎን ይሄድ የነበረው ጓደኛ ካደገ በኋላ ከኋላ መሄዱን ደራሲዋ ራሳቸው አስተውለው ጽፈዋል። ብዙዎቹ የክበቡ ሰዎች እንኳን ሊጽፉት፥ ያዩትም አይመስለኝም።

ነገር ግን አስተውሎ ጽፎ ማለፍ ሌላ፥ ምክንያቱን መጠየቅ ሌላ ነው። ሩታን ከጎን ወደ ኋላ ያዛወረው ምንድን ነው? በመጽሐፉ ውስጥ ይህ እንደ ዝናምና እንደ ፀሐይ ከላይ የመጣ ነገር ይመስላል። የመጀመሪያውን ምዕራፍም እንመልከት። ደራሲዋ ለታመመ የማዕድን ሠራተኛ ኦክሲጅን ይዘው በሌሊት ወደ ኑንግዌ ይበራሉ፤ የሚያርፉትም በእሳት ብርሃን በተመለከተ ሜዳ ላይ ነው። የበረራው ጭንቅ፥ የሕመምተኛው ሁኔታ፥ የሐኪሙ ትካዜ ሁሉ በሚገባ ተነግሯል። እሳቱን ያነደደው እጅ ግን ከጨለማው አይወጣም። ዝሆን ከአየር ላይ እየፈለጉ ለአዳኞች በሚያመለክቱበት ምዕራፍም ዱካ ፈላጊው ማኩላ በስሙ ተጠርቶ ሳለ፥ ቁጥቋጦውን መንጥረው ማረፊያ የሚያበጁት ሰዎች በጥቂት መስመር ገብተው በጥቂት መስመር ይወጣሉ። ያ ማረፊያ ባይኖር ግን ምዕራፉ ራሱ ባልኖረ ነበር።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው በዴኒስ ፊንች ሃተን ሞት ላይ ነው። ይህ ሰው በግንቦት 1931 ከቮይ ሲነሣ ጂፕሲ ሞዝ አይሮፕላኑ ወድቆ ተቃጠለ። ሞቱን ወይዘሮ ማርካምም፥ ካረን ብሊክሰንም ጽፈውታል፤ በንጎንግ ኮረብታ ያለውንም መቃብሩን ብዙ መንገደኛ ይጎበኘዋል። በዚያች አይሮፕላን ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው የኪኩዩ ተወላጅ የሆነው አገልጋዩ ነው። በአንድ እሳት ከሞቱት ከሁለቱ አንዱ የሁለት መጻሕፍት ጀግና ሆነ፤ ሌላው የጀግናው ጓዝ ሆኖ ቀረ። ወላጆቹ እንዴት እንደ ሰሙ፥ የት እንደ ተቀበረ የሚጠይቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ሞት እኩል ያደርጋል ይባላል፤ ትዝታ ግን እኩል አያደርግም።

መጽሐፉን በእርግጥ የጻፉት ደራሲዋ ናቸው ወይስ ሦስተኛው ባለቤታቸው ራውል ሹማከር የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። እኔ በዚህ አልዘገይም። የማንም እጅ ቢጽፈው፥ ከትዝታ ውስጥ ምን እንደ ተመረጠና ምን እንደ ተተወ መጠየቅ አይቀርም። ወይዘሮዋ ሦስት ጊዜ ማግባታቸውንና ልጅ መውለዳቸውን እንኳ ከመጽሐፉ ውጭ አድርገውታል። እንግዲህ መርሳት ለሜዳው ሰዎች ብቻ የተመደበ አይደለም፤ ጸሐፊው የራሱንም ሕይወት ከከፍታ ላይ ሆኖ ሲያይ፥ ሲታይ ደስ የማይለው ነገር ያንስበታል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ይህንኑ በብርቱ ያሳያል። ይኸውም የፈረንሳይ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር አን ስፖሪ በ1994 ያሳተሙት «ማማ ዳክታሪ ይሉኛል» የተባለው ነው። ዶክተር ስፖሪ ዕድሜያቸው ከአርባ ካለፈ በኋላ በረራ ተምረው፥ በ1957 ከተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪቃ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ጋር በመሥራት፥ ሐኪም ወዳልደረሰበት የኬንያ ገጠር ሁሉ ክትባትና መድኃኒት ሲያደርሱ ኖረዋል። በሺሕ የሚቈጠር ሰው ይመርቃቸዋል፤ ይህ እውነት ነው፥ ማንም አያፈርሰውም። በዚህም መጽሐፍ ሜዳው ከወይዘሮ ማርካም መጽሐፍ ይልቅ ሰው ይበዛበታል፤ ምክንያቱም ሐኪም የሚያርፈው ለሕመምተኛ ነው።

ሆኖም ዶክተር ስፖሪ በጦርነቱ ጊዜ በራቨንስብሩክ የጀርመኖች እስር ቤት ሳሉ በሌሎች እስረኞች ላይ ግፍ ሠርተዋል ተብለው ተከሰው ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ በአገራቸው እንዳያክሙ ተከልክለዋል። በመጽሐፋቸው ይህን አይነግሩንም። ነገሩ በሰፊው የታወቀው በ1999 ካረፉ በኋላ ነው፤ ይልቁንም ጆን ሄሚንዌይ በ2018 ባሳተመው የሕይወት ታሪካቸው። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ሆኖም ከምርመራ የሸሸ ሰው በአፍሪቃ ሰማይ ሥር አዲስ ስም ማግኘቱ ስለ እኒህ መጻሕፍት አንድ ነገር ያስተምራል። የአፍሪቃ ሰፊ ሜዳ ለእንግዳው ሰው ያለፈውን የማይጠይቅ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታየዋል። ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም፤ ባዶ ያስመሰለው ከላይ መታየቱ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳቤን ሰምተው፥ «ከአብራሪ ትዝታ የሣር አጫጅ ስም መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» ብለውኛል። ደራሲ የሚጠየቀው በጻፈው እንጂ ባልጻፈው አይደለም ማለታቸው ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ስለ አየር ለመጻፍ የተነሣ ሰው ስለ ምድር እንዲጽፍ አይገደድም። መልሴ ግን ይህ ነው፤ ላሚቱ እዚያው ሜዳ ላይ ውላለች። እርሷን ያባረረ ሰው ባይኖር አይሮፕላኑ አያርፍም። ሜዳው የበረራው ክፍል ነው፤ ይኸውም በረራው የሚድንበት ወይም የሚጠፋበት ክፍል። ካምቤል ብላክ ከለንደን እስከ ሜልቦርን የተደረገውን የ1934ን ውድድር ከባልንጀራው ጋር አሸንፎ፥ በ1936 የሞተው በሊቨርፑል ሜዳ ላይ ሌላ አይሮፕላን በመሬት እየሄደ መጥቶ ስለ መታው ነው። ያን ሁሉ ሰማይ አልፎ የሞተው በምድር ነው።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ጓሮ ረዥም ሜዳ አለ። እኛ ኳስ እንጫወትበት ነበር፤ ሽማግሎቹ ግን «ያይሮፕላን ሜዳ» ይሉታል። በቀድሞ ጊዜ የሚስዮኑ ትንሽ አይሮፕላን ያርፍበት ነበርና። የትምህርት ቤቱ አሮጌ ዘበኛ በወጣትነታቸው የዚያ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። ሣሩን በማጭድ ያጭዳሉ፤ ድምፅ ሲሰሙ ከብቱን ያባርራሉ፤ ነፋሱ በየት እንደሚመጣ እንዲታይ ጭስ ያጨሳሉ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ማለዳ ተነሥተው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ በተረከዛቸው መሬቱን ይረግጡታል። «ተረከዜ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ከገባ አይምጣ እላለሁ፤ በሬዲዮ ይነግሩለታል፤ ይቀራል» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትሁም፥ ልጄ።» አብራሪው ስማቸውን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እጁን ያወዛውዝልኝ ነበር» አሉ።

በዚህ መልስ ውስጥ ቂም የለም፤ ስለዚህ እኔም ቂም አልጨምርበትም። አብራሪዎቹ ደፋሮች ነበሩ፤ ብዙ ነፍስም አድነዋል። ወይዘሮ ማርካም ከጓደኞቻቸው ይልቅ አርቀው አይተዋል፤ መጽሐፋቸውም ይነበባል። ነገር ግን የክበቡን ትዝታ የበረራው ሙሉ ታሪክ ነው ብለን ብንቀበለው፥ በሞተሩ ድምፅና በተረከዙ ዕውቀት መካከል የነበረውን ውል እናጣዋለን።

ጉድለቱንም በደራሲዎቹ ላይ ብቻ መጣል ቅን አይሆንም። እነርሱ ያዩትን ጽፈዋል። የሜዳውን ሰዎች ግን እኛ አልጠየቅናቸውም። በየአገሩ ሣር ያጨዱ፥ እሳት ያነደዱ፥ ነዳጅ በበርሜል ያንከባለሉ፥ ሕመምተኛ በቃሬዛ ያመጡ ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። ከዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች አብዛኞቹ በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ በየወረዳውም እንዲህ ያለ ሜዳ አይጠፋም። ሜዳውን ማን እንደ መነጠረው፥ ማን እንደ ጠበቀው፥ ዝናም በዘነበ ማግስት ማን እንደ ረገጠው ጠይቀን ብንጽፍ፥ ለአብራሪዎቹ መጻሕፍት የጎደለውን ምዕራፍ እንሞላለን። እኔ ከዘበኛው ሽማግሌ ጀምሬአለሁ። በሚመጣው ክረምት ሳገኛቸው በመጀመሪያ የምጠይቃቸው፥ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሳልጠይቃቸው የቀረሁትን ሙሉ ስማቸውን ነው።